ንብ የምትቆየው ሲመቻት ነው፦ የጓሮ ቀፎ ማስታወሻ፣ ደብረ ማርቆስ

ሐምሌ 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

እህቴ የወለደች ሰሞን ለገንፎዋ ብዬ አንድ ጣሳ ማር ከገበያ ገዛሁ። ቀመሰችና "ይሄማ ስኳር ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የአበባ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር የለውም። ማር ሲረጋ ያየ ሰው ሁሉ ተበርዟል ይላል፤ ይሄ ስሕተት ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል፣ የኑግ ማርማ ቶሎ ነው የሚረጋው። የተበረዘውን የሚያሳብቀው አፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮዬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

ጓሮው ሰፊ አይደለም፤ ቁመቱ 20፣ ወርዱ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ከጀርባ የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ፣ አጥሩ ላይ ግራዋ በቅሏል፣ ከአጥሩ ማዶ የገበሬዎች ባቄላና ጓያ ነው። መስከረም ሲጠባ ሜዳው ሁሉ አደይ ይለብሳል። ለንብ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ብዙ ያስፈልግ ኖሯል።

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ "አያ" ይላቸዋል። ገጠር ሳሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። ሐሳቤን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና "ሴት ልጅ ንብ ስታነብ አይቼ አላውቅም" አሉኝ። ደግሞ ቆየት ብለው፦ "ቀፎው ዛፍ ላይ ስለነበር ነው እንጂ። አንቺ መሬት ላይ ካደረግሽው ማን ይከለክልሻል?"

ሐምሌ 28

የቀፎ ምርጫ። አያ የሚያውቁት ባህላዊውን ነው፤ ድቡልቡል፣ በእበትና በጭቃ የተለሰነ፣ የማር እንጀራው ከጣሪያው ጋር የተጣበቀ። ርካሽ ነው፣ ንብም ይወደዋል። ግን ማሩን ለመቁረጥ ውስጡን መናድ ነው፤ እጩም፣ ገና ያልበረረው የንብ ልጅ፣ አብሮ ይጠፋል። የሚሰጠውም በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ነው ይላሉ። በፍሬም የሚሠራው ዘመናዊው ቀፎ ብዙ ማር ይሰጣል፤ የሰም ማተሚያና ማር ማጣሪያ ግን ይፈልጋል፣ ለአንድ ቀፎ ያን ሁሉ መግዛት አልችልም።

የመረጥኩት መካከለኛውን ነው፦ የሽግግር ቀፎ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ውስጥ የተሠራ ዓይነት ነው፤ ከላይ ርብራብ እንጨቶች ይደረደራሉ፣ ንቧ በየእንጨቱ ሥር አንድ አንድ እንጀራ ታንጠለጥላለች። አንዱን እንጀራ ሌላውን ሳይነኩ ማንሳት ይቻላል። አገራችን ውስጥ ይህንኑ በጣውላ ፈንታ በቀርከሃ ሸምነው፣ በጭቃና በእበት ለስነው ይሠሩታል፤ ጨፈቃ ይባላል። ቀርከሃ ከአዊ በኩል ይመጣል፣ እበት ጎረቤት አለ። ጨፈቃ ይሁን ብያለሁ።

ነሐሴ 19

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቀርከሃውን ሰንጥቀን በእንጨት ቅርጽ ላይ ሸመንነው፤ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ገንዳ መስሏል። ልስኑ ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ ከውስጥ አንዴ ከውጭ። የክረምት ነገር ሆኖ ጭቃው አልደርቅ አለ፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር 12 ቀን አስቀመጥኩት። የሚቀጥለውን በበጋ ነው የምሠራው።

ትልቁ ጣጣ ርብራቡ ነበር። ለአናጢው "ወርዱ 3.2 ሳንቲ፣ ርዝመቱ 48 ሳንቲ፣ 30 ፍሬ" ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። 4 ሳንቲ አድርጎ አመጣልኝ። "ስምንት ሚሊ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ሁሉንም ነገር ያደርጋል! ንቧ በሁለት እንጀራ መካከል የምትተወው ክፍተት ልክ አለው፤ ለእኛ አገር ንብ ከአንዱ እንጀራ መሐል እስከ ሌላው መሐል 3.2 ሳንቲ ነው የሚመከረው። እንጨቱ ከሰፋ ንቦቹ ልካቸውን ተከትለው አቋርጠው ይሠራሉ፣ ሁለት ሦስት እንጨት በአንድ እንጀራ ይያያዛል። ያኔ ከባህላዊው ቀፎ በምን ተለየ? እንደገና አስላግኩት። 30 በ3.2 ሲባዛ 96 ሳንቲ ነው፤ የቀፎው ርዝመትም ያው ሆነ። በየእንጨቱ ሥር መሐል ለመሐል ቀጭን ቦይ አስወጥቼ የቀለጠ ሰም አፈሰስኩበት፤ ንቦቹ እንጀራውን ከየት እንደሚጀምሩ እንዲያውቁ።

ልብሱን ከአቡጀዲ አሰፋሁ። ነጭ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ጥቁርና ጸጉራማ ነገር ያስቆጣቸዋል። ለዓይነ ርግቡ የወንፊት ሽቦ ተጠቀምኩ። ማጨሻ፣ ጓንትና መሮ ገዛሁ።

ጳጉሜን 2

ቀፎው መቆሚያው ላይ ወጣ፤ ከመሬት 1 ሜትር፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። አራቱ እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል፣ ለጉንዳን ነው። ውስጡን በወይራ አጠንኩት፣ ሰም ቀባሁት። አያ መጥተው አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱና "ቤት ቤት ይላል" አሉ።

መስከረም 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከትምህርት ቤት ስመለስ አያ አጥሩ ላይ ቆመው ይጣራሉ፦ "ነይ ቶሎ! እንግዳ መጥቶልሻል!" የአጎራባች ግቢ ወይራ ላይ መንጋ ዐርፏል። ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለ ስልቻ ይመስላል፤ ስልቻው ግን ይተነፍሳል።

ፈርቼ ነበር። አያ ግን አይነኩሽም አሉኝ፤ ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። ከቤቱ የወጣ መንጋ ሆዱን በማር ሞልቶ ነው የሚወጣው፤ የሚጠብቀው እጭም ማርም የለውም። ውኃ በስሱ ረጨንባቸው፣ ከሥራቸው ቁና ያዝኩ፣ አያ ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ አናወጡት። ድብ! የአንድ መንጋ ክብደት እጅ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው፤ ሞቃት ነው።

ቁናውን በነጠላ ሸፍነን እስኪመሽ ጥላ ሥር አቆየነው። 12 ሰዓት ላይ ርብራቡን ከፍተን ቀፎው ውስጥ ገለበጥናቸው። መግቢያው ላይ ጥቂት ንቦች የሆዳቸውን ጫፍ ሽቅብ ቀስረው ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር። በዚህ ነው ሽታቸውን እየላኩ ውጭ የቀሩትን የሚጠሩት። አያ ይህን ሲያዩ "አውራው ገብቷል" አሉ፣ የመንጋውን መሪ ማለታቸው ነው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መስከረም 24

አምስተኛ ጊዜ ከፈትኩት። ነጭ ነጭ እንጀራ፣ ገና መዳፍ የማያህል። እንዴት ያምራል! ሳየው ውዬ ባድር አልጠግብም።

ጥቅምት 9

ሄደዋል።

ጠዋት መግቢያው ላይ ማንም የለም። ክዳኑን ሳነሳ አምስት እንጀራ ቁጭ ብሏል፣ ጉንዳን ወርሮታል። እጩ እንኳ እንዳለ ነው። እንጀራውን ሳይ አለቀስኩ፤ ለንብ ይለቀሳል ወይ ለሚል ሰው መልስ የለኝም።

ጥቅምት 10

አያ ዙሪያውን ዞረው አዩልኝ። ሰሞኑን የዘነበው ዝናብ ቆርቆሮዎቹን ሞልቶ ዘይቱን ገፍቶ አውጥቶታል። ከጀርባ ያላጨድኩት ሣር አድጎ የቀፎውን ሆድ ነክቷል፤ ጉንዳኑ ድልድይ ሆኖለታል። "ስንቴ ከፈትሽው?" አሉኝ። ማስታወሻዬን ቆጠርኩ፤ በ28 ቀን 11 ጊዜ።

"ልጄ፣ የሰው ቤት በየሁለት ቀኑ ጣሪያው ቢነሳ ሰው ይቀመጥበታል? ንብ በሬ አይደለም፣ በገመድ አይታሰርም። የሚቆየው ሲመቸው ነው።"

ይህን እንደ ምክር ብቻ ሰምቼው ነበር። ቆይቼ ሳነብ ግን የሥነ ፍጥረቱም ነገር እንዲሁ ነው፦ የእኛ አገር ንቦች ረሃብ ሲመጣ፣ ጠላት ሲበረታ ወይም እረፍት ሲያጡ ቤታቸውን ጥለው ይሄዳሉ። የአውሮፓ ንብ በዚህ ረገድ የበለጠ ይታገሣል። ስለዚህ ከውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ "በየሳምንቱ ፈትሽ" ሲል እዚህ አይሠራም።

የተረፈውን እንጀራ ሰም ላወጣበት ብዬ ጆንያ ውስጥ አኖርኩት። በሁለት ሳምንት የሰም እራት፣ ትሏ ሰም የምትበላ የሌሊት ቢራቢሮ፣ ጨረሰው፤ ስከፍተው ድርና ትል ብቻ። ባዶ እንጀራ በቶሎ ካልቀለጠ ለእራት ነው።

ኅዳር 3

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ አንድ ኅብረ ንብ ከነባህላዊ ቀፎው ገዛሁ። በሌሊት ነው የተጓጓዘው፤ መግቢያውን በሣርና በጨርቅ ወትፈው፣ ሁለት ጎረምሶች በመሎጊያ ተሸክመው ሁለት ሰዓት በእግር። ሦስት ቀን መቆሚያው ላይ ካቆየነው በኋላ ዛሬ ወደ ጨፈቃው አዛወርነው።

ማዛወር እስካሁን ካደረግሁት ሁሉ ከባዱ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። የቀፎውን አንድ ጫፍ ከፍተን በኩበት ጭስ ቀስ እያልን አጨስን፤ ንቦቹ ወደ ሌላው ጫፍ ሸሹ። አያ እንጀራውን አንድ በአንድ በመሮ ይቆርጣሉ፤ እኔ እጭ ያለበትን ከላዩ ቀጥ አድርጌ እያስተካከልኩ ርብራብ እንጨት ሥር በጥጥ ፈትል አስራለሁ። ማር ያለበት ወደ ሳፋ፣ እጭ ያለበት ወደ አዲሱ ቤት። ስድስት እንጀራ እጭ አሰርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከተኛሁበት ተነስቼ እንኳ አሁንም የሚታየኝ ያ ነጭ ፈትል ነው።

ሦስተኛው እንጀራ ላይ አየኋት። ረዘም ያለች፣ ክንፏ ከሆዷ ያጠረ፣ ዙሪያዋን ሌሎች ፊታቸውን ወደሷ አድርገው ከበዋታል። አንድ ቀዳዳ ውስጥ ጭንቅላቷን ከታ አየች፣ ዞረች፣ ሆዷን ከታ ቆየች፣ ወጣች። ቀዳዳው ሥር እንደ ተቆረጠ ነጭ ክር ያለ ነገር ቆሟል።

"አያ፣ አውራው ዕንቁላል ጣለ።"

ጠጋ ብለው አዩ። 60 ዓመት ሙሉ "አውራ" ሲሉት የኖሩት ነገር ነው። ብዙ ቆዩና "እናት ናታ" አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሰባት ጊዜ ተነደፍኩ። ንብ ስትነድፍ መርፌው ቆዳ ላይ ይቀራል፣ የመርዙ ከረጢትም አብሮ ነው፤ በጣት ቆንጥጦም ሆነ በጥፍር ጫር አድርጎ፣ ዋናው ቶሎ ማንሳት ነው። ከተነደፍኩበት ቦታ የበሰለ ሙዝ የመሰለ ሽታ መጣ። እሱ ለሌሎቹ የጥሪ ምልክት ነው፤ ካልተጨሰበት ይጨምራሉ።

ኅዳር 13

ፈትሉን ቆርጠው እየጎተቱ በመግቢያው ያወጡታል። መሬት ላይ የወደቀውን ሰብስቤ አየሁት፤ ተበጣጥሷል። እንጀራው ግን በራሳቸው ሰም ከእንጨቱ ተጣብቋል ማለት ነው። አልከፈትኩም።

ታኅሣሥ

በዚህ ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የከፈትኩት። ይልቅ በየጠዋቱ ለሩብ ሰዓት መግቢያው አጠገብ በጎን በኩል እቀመጣለሁ (ፊት ለፊት መቀመጥ መንገድ መዝጋት ነው)። እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ጽጌ ብናኝ ይዘው ከገቡ ውስጥ የሚመገብ እጭ አለ፣ ንግሥቲቱ እየጣለች ነው። የሞተ እጭ ከወጣ ችግር አለ። መግቢያው ላይ የሚታገሉ ከሆነ ሌላ ቀፎ እየዘረፋቸው ነው። ጎኑን በጣቴ መታ ሳደርግ "ዝዝ" ብለው ቶሎ ዝም ካሉ ደኅና ናቸው፤ አያ ያስተማሩኝ ነው። ካልከፈትኩ የማየው ነገር የሚያንስ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ይበልጣል።

ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

የጎረቤት ልጅ ኳስ ሲከተል አጥሩ ሥር ገብቶ ሦስት ቦታ ተነደፈ። ዓይኑ አበጠ። እናቱ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሷም ተቆጣች፤ መቆጣቷ ትክክል ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፦ የመግቢያው አቅጣጫ ንቦቹን ልጆች በሚጫወቱበት ከፍታ ላይ በቀጥታ ይወስዳቸዋል። ከመግቢያው ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብዬ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የሸምበቆ መከለያ አቆምኩ፣ ሥሩ ግራዋ ተከልኩ። አሁን ሲወጡ ሽቅብ ተነስተው ከጭንቅላት በላይ ነው የሚሄዱት። የእሷን ፍየል የምታስርበትንም ቦታ አብረን ቀየርነው። ጓሮ ውስጥ ንብ የሚያነብ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረበት።

መጋቢት 6

ደረቅ ነው። ጽጌ ብናኝ ይዘው የሚገቡት ቀንሰዋል፣ ጠዋት እንኳ ጭር ይላል። ባለፈው ጥቅምት የሆነው እንዳይደገም ፈርቼ መመገብ ጀመርኩ። ስኳር ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል፣ ሲመሽ፣ በዝርግ ሳሕን፣ እንዳይሰጥሙ ገለባ ተንሳፍፎበት። በቀን ከተሰጠ የሰፈሩን ንብ ሁሉ ይጠራና ዝርፊያ ይነሳል። ለጽጌ ብናኙ ምትክ ደግሞ ሽሮና በሶ፤ ደረቁን ዱቄት በሳሕን አድርጌ ከጥላ ሥር አስቀመጥኩ። ተንከባለሉበት፣ እግራቸው ላይ ጠቅልለው ይዘው ገቡ! እናቴ አይታ "ሽሮዬን ለንብ?" አለች፤ በማግሥቱ ግን ራሷ አንድ ጭልፋ ጨመረች።

የውኃ ገንዳም አደረግሁ፤ ጠጠር የሞላበት፣ ዐርፈው የሚጠጡበት።

ግንቦት

ባሕር ዛፉ አበበ፣ ጥቂት ዝናብም መጣ። መመገቡን አቆምኩ። 14 እንጀራ ቆጠርኩ። ቁረጪ ያሉኝ ነበሩ፤ ክረምቱን ምን ሊበሉ? አልቆረጥኩም።

ጥቅምት 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ከአጥሩ ማዶ ያለው ገበሬ ጓያው ላይ ትል ገብቶበታል፣ ነገ መድኃኒት እረጫለሁ ብሎ መጥቶ ነገረኝ። ራሱ መጥቶ መንገሩ ለእኔ ከማር በላይ ነው። ባለፈው ዓመት ሲረጭ አላውቅም ነበር፣ መግቢያው ላይ በእፍኝ የሞተ ንብ ጠርጌ ነበር። ጠዋት አበባው ላይ ንብ ሞልቶ ሳለ ከሚረጭ ከ11 ሰዓት በኋላ ቢረጭ ለትሉም አይቀየርም፣ ለንቡ ግን ሕይወት ነው፤ ይህን ተነጋገርንና እሺ አለኝ። እኔም በረጨበት ዕለት ሲመሽ ሁሉም ከገቡ በኋላ መግቢያውን አየር በሚያስገባ ወንፊት ሽቦ ዘጋሁ፣ ላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ ጣልኩ፣ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ከፈትኩ። ሰባት የሞተ ብቻ ቆጠርኩ።

በአረም መድኃኒቱ ግን አልተስማማንም። ስንዴውና ጤፉ ውስጥ የሚበቅለው አረም ለእሱ ጠላት፣ ለንቤ ምግብ ነው። የእሱ ልጆች የሚበሉት ከዚያ ስንዴ ስለሆነ ልከራከረው አልቻልኩም። ድንበሩ ላይ ያለውን አደይ ብቻ እንዳይነካ ለመንኩት፤ ተወልኝ።

ኅዳር 8

ቆረጥን።

አደይ ካበቃ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሲመሽ ከፈትን፤ ጭሱን በጣም አሳነስኩ፣ ከገበያ የሚገዛ ማር ጭስ ጭስ የሚለው ጭሱ ሲበዛበት ነው። ከጀርባው ጫፍ ጀምሬ አንድ በአንድ አነሳሁ። ሕጉ ቀላል ነው፦ እንጀራው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በነጭ ሰም ከታሸገ ይቆረጣል፤ ንቦቹ የሚያሽጉት ውኃው በበቂ ቀንሶ ሲያዩት ነው፣ ከ20 በመቶ በታች ካልሆነ ማር ጣሳ ውስጥ ይቦካል። ያልታሸገውን መለስኩ። እጭ ያለበትን አልነካሁም። ሲቆረጥ ከእንጨቱ ሥር የአንድ ጣት ስፋት ያህል እንጀራ ተውኩ፣ ከዚያው እንዲቀጥሉ።

ዘጠኝ እንጀራ ወጣ። ሦስት የታሸገ ማር ለእነሱ ተረፈ። በንጹሕ ነጠላ አጥልዬ ሳበቃ 9 ኪሎ ተኩል ሆነ። ቀለሙ የአደይ ራሱ ነው፣ ወርቃማ ቢጫ።

የመጀመሪያውን ሳሕን ከነሰሙ ለአያ ወሰድኩ። ሁለተኛውን ዓይኑ ላበጠው ልጅ እናት፣ ሦስተኛውን ለጓያው ገበሬ። እህቴ ቀመሰችና ምንም አላለችም፤ ማንኪያውን መልሳ አጠለቀች።

ኅዳር 12

ሰፈፉን በውኃ ቀቅዬ በጆንያ ጨርቅ ጨመቅሁት፤ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ቢጫ ክብ ሰም ሆኖ ረጋ፣ ሰባት መቶ ግራም። ጎረቤት አንዲት እናት ለጧፍ ይሆነኛል ብለው ግማሹን ወሰዱ። የቀረውን ለሁለተኛው ቀፎ ርብራብ አስቀምጫለሁ።

ቀርከሃው መጥቷል። አያ መሰንጠቂያውን ስለው ጧት እመጣለሁ ብለዋል፤ የዓይኑ እብጠት የጠፋለት ልጅም እበት ይዤ እመጣለሁ ብሎኛል።